በስንክሳር የተጻፈው የያሬድ ታሪክና ሥራው የተሰናከለበት ሰው

ግንቦት 11 ቀን በየዓመቱ በቤተ ክርስቲያን ስንክሳር ሲነበብ የቅዱስ ያሬድ ታሪክ ይሰማል። ታሪኩን የማያውቅ ሰው የለም፤ ፊደል የሚቈጥር ሕፃን እንኳ በዛፍ ላይ እየወጣ ይወድቅ የነበረውን ትል ያውቀዋል። ነገር ግን ሁሉ የሚያውቀው ነገር ብዙ ጊዜ ሳይመረመር ይቀራል። ሰው አንድን ታሪክ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማው ከኖረ፣ መጽሐፉ የሚለውን ትቶ እርሱ የለመደውን ያነባል። በያሬድ ታሪክም የደረሰው ይኸው ነው። ትምህርት ያልገባው፣ ሹመት የቀረበት፣ ንግዱ የከሰረበት፣ ከሥራው የተሰናበተ ሰው ወደ ንስሓ አባቱ ወይም ወደ ወዳጁ ሲሄድ «የያሬድን ትል አስብ» ይባላል። ምክሩ መልካም ነው። ዳሩ ግን ስንክሳሩ ከዚህ ምክር የሚበልጥ ነገር ይዟል፤ ምክሩም ታሪኩን ከመካከሉ ቈርጦ የያዘ ስለ ሆነ፣ አንዳንድ ጊዜ ያዘነውን ሰው ከማጽናናት ይልቅ ያሳስተዋል።

የሚያሳስተውም እንዲህ ነው። ሥራው የተሰናከለበት ክርስቲያን የሚጠይቀው ነገር ሁለት ነው። አንደኛው «እንዴት ልበርታ?» የሚል ነው። ሁለተኛውና የሚከብደው ግን «እግዚአብሔር በዚህ መሰናክል ምን ይለኛል? ወደ ተሰናከልሁበት ሥራ ልመለስን ወይስ ሌላ መንገድ ልፈልግ?» የሚል ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ የትሉ ምሳሌ ይበቃል። ለሁለተኛው ግን አይበቃም፤ ትል ከመውጣትና ከመውደቅ በቀር ሌላ ምርጫ የለውምና። ሰው ግን ምርጫ አለው፤ ጭንቀቱም የሚመጣው ከምርጫው ነው። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ምርመራ የስንክሳሩ ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቢነበብ ለሁለተኛው ጥያቄ ምን እንደሚመልስ ማሳየት ነው።

አስቀድሞ ስለ መጽሐፉ ጥቂት ቃል ያስፈልጋል። ስንክሳር በየዕለቱ የሚታሰቡትን ቅዱሳን ታሪክ በአጭር በአጭሩ የያዘ መጽሐፍ ነው። መሠረቱ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ቅዱሳን ታሪክ በኢትዮጵያ ሊቃውንት ተጨምሮበታል። በውጭ አገርም ወሊስ በጅ የሚባለው እንግሊዛዊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1928 ወደ እንግሊዝኛ መልሶ አሳትሞታል። የያሬድ ታሪክ ከስንክሳሩ ሌላ በገድል መልክ ለብቻው ተጽፎ ይገኛል፤ ይህንንም ገድል ኢጣሊያዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1904 አሳትሞታል። ከሁለቱ ሌላ በቃል የሚነገረው ትውፊት አለ፤ የዛፉን ቦታ ማይ ኪራሕ የሚለው፣ ትሉንም ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ወጣ የሚለው ይህ ነው። እነዚህ ሦስቱ እርስ በርሳቸው አይጣሉም፤ ነገር ግን የእያንዳንዳቸው ዓላማ ልዩ ስለ ሆነ፣ አንዱን አንብቦ የሌላውን ትርጓሜ መስጠት ስሕተት ያመጣል። እዚህ የሚመረመረው የስንክሳሩ ንባብ ነው፤ በጉባኤ የሚነበበው እርሱ ነውና።

የስንክሳሩ ነገር በአጭሩ ይህ ነው። ያሬድ የአክሱም ካህን የአባ ጌዴዎን ዘመድ ነበረ። መዝሙረ ዳዊት እንዲማር ለእርሱ ተሰጠ፤ ቃሉን ግን በልቡ መያዝ አልቻለም። መምህሩ በመታውና ባሳመመው ጊዜ ወደ ምድረ በዳ ሸሽቶ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጠ። በዚያም አንድ ትል ወደ ዛፉ ሲወጣ፣ ከእኩሌታው ሲደርስም ወደ ምድር ሲወድቅ፣ ከብዙ ድካም በኋላ ግን ወጥቶ ፍሬውን ሲበላ አየ። የትሉን ትጋት ባየ ጊዜ በልቡ ተጸጸተ፤ ወደ መምህሩም ተመልሶ ይቅርታ ለመነ። ወደ እግዚአብሔር እያለቀሰ በጸለየ ጊዜም ልቡናው ተከፈተለት፤ የብሉይንና የሐዲስን መጻሕፍት በአንድ ቀን ተማረ፤ ከዚያም ዲያቆን ሆኖ ተሾመ። ብዙ ሰው የሚያውቀው እስከዚህ ያለውንና ስለ ሦስቱ አዕዋፍ የተነገረውን ነው። የኋለኛው ክፍል፣ ይኸውም ያሬድ ከንጉሡ ፊት የተሰናበተበት፣ ለመካሪዎች እምብዛም አይታሰባቸውም።

እንግዲህ በመጀመሪያ የትሉ ነገር ይታይ። የቅኔ መምህር ተማሪውን ሰሙን ከወርቁ እንዲለይ ያስተምረዋል። በተለመደው አነጋገር ሰሙ ትል፣ ዛፍና ፍሬ ነው፤ ወርቁ ያሬድ፣ ትምህርትና ዕውቀት ነው። ይህ ፍቺ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ፍሬውን ይዘነጋል። ትሉ ወደ ዛፉ የወጣው መውጣት በራሱ መልካም ግብር ስለ ሆነ አይደለም፤ ምግቡ በዚያ ስላለ ነው። ፍሬ በሌለበት ደረቅ እንጨት ላይ ሰባት ጊዜ ቢወጣ ትጋት አይባልም፤ ከንቱ ድካም ይባላል እንጂ። ስለዚህ ታሪኩ ለሥራ መሰናክል የሚሰጠው የመጀመሪያ ምክር «ደግመህ ሞክር» የሚል ብቻ አይደለም፤ «በዚህ ዛፍ ላይ ፍሬ አለን? ፍሬውስ ለአንተ ምግብ የሚሆን ነውን?» የሚልም ነው። በአንድ ንግድ ሦስት ጊዜ ዋና ገንዘቡን ያጣ፣ ለአራተኛ ጊዜም ከወንድሞቹ ተበድሮ ወደዚያው ንግድ የሚገባ ሰው የያሬድን ትል መጥራት አይገባውም። ትሉ የወጣው በራሱ ድካም ነበረ እንጂ በሌላው ትከሻ አልነበረም።

ይህን ነገር የአብነት ትምህርት ቤት ጠንቅቆ ያውቀዋል። ለዜማ የሚሆን ድምፅ ያልተሰጠው ተማሪ በቅኔ ቤት ይበረታል፤ ቅኔ የማይቈጠርለትም በመጻሕፍት ትርጓሜ ወይም በቁም ጽሕፈት ይከብራል። ደግ መምህር ይህን አይቶ ተማሪውን ወደሚሆንለት ቦታ ይመራዋል። ከዜማ ወደ ቅኔ የተላለፈውን ተማሪም ከትምህርት የሸሸ ነው ብሎ የሚነቅፈው የለም። በአንድ ዛፍ ላይ መውደቅ ከዛፍ ሁሉ መውደቅ አይደለም።

ሁለተኛው የሚመረመር ነገር የነገሩ ተራ ነው። ስንክሳሩ ያሬድ ትሉን አየና ዐወቀ አይልም። አየ፣ ተጸጸተ፣ ተመለሰ፣ ይቅርታ ለመነ፣ አልቅሶ ጸለየ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ ልቡናው ተከፈተ ይላል። በትሉና በዕውቀቱ መካከል መምህሩና ጸሎቱ ቆመዋል። ትሉ ያደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፊቱን ወደ ኋላ መለሰው። የቀረውን ያደረገው በእግዚአብሔር ቸርነት የተደገፈ የመምህርና የተማሪ ዕርቅ ነው። ሰው ከወደቀበት ብቻውን ተቀምጦ ምልክት ሲቈጥር፣ የተመለከተው ሁሉ እንደ ፍላጎቱ ይናገረዋል። መሸሽ የወደደ ሰው ከዚያው ዛፍ ሥር ተቀምጦ የትሉን መውደቅ ብቻ አይቶ «እነሆ፣ ይህ ሥራ አይሆንም ተባልሁ» ሊል ይችል ነበር። የያሬድ ምልክት እውነተኛ መሆኑ የታወቀው ወደሚያፍረውና ወደሚፈራው ሰው ስለ መለሰው ነው። ወደሚያፍሩት ሰው የሚመልስ ሐሳብ ከሥጋ ምኞት የመጣ ለመሆን ያስቸግራል።

ይህ ሁሉ ሲባል የአባ ጌዴዎን ዱላ ሊዘነጋ አይገባም። ስንክሳሩ መታው፣ አሳመመውም ይላል እንጂ ዱላውን አያመሰግንም፤ ልቡናውም በዱላው ምክንያት ተከፈተ አይልም። በዱላው ወቅት ዕውቀት አልመጣም፤ የመጣው ሽሽት ነው። ዕውቀት የመጣው በዕንባና በጸሎት ነው። ከዚህ ታሪክ ለዱላ ማስረጃ የሚያወጣ መምህር ወይም ሹም ቢኖር ያላነበበውን ይጠቅሳል። ዳሩ ግን ያሬድ ይቅርታ የለመነው ስለ ምንድር ነው? መጽሐፉ በግልጥ አይናገርም፤ የነገሩ ተራ ግን ጥቂት ብርሃን ይሰጣል። ቃሉን በልቡ አለመያዙ ድካም ነበረ፤ ለድካም ይቅርታ አይለመንም። መሸሹ ግን የፈቃድ ሥራ ነበረ። ስለዚህ ይቅርታው ስለ ሽሽቱ ነው ቢባል ከንባቡ ጋር ይስማማል።

በዚህ ያለው ልዩነት ለሥራ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ሰው ድካሙን እንደ ኃጢአት ቈጥሮ ራሱን ይረግማል፤ ጥፋቱን ደግሞ ፈተና ብሎ ሰይሞ ይጽናናበታል። ዐሥራ ሁለት ዓመት ተምሮ በፈተና የወደቀ ልጅ እግዚአብሔር ጠላኝ ይላል። ገንዘብ አጉድሎ ከሹመቱ የተሻረ ሰው ደግሞ ሰይጣን ቀናብኝ ይላል። የመጀመሪያው ሰው የሚያስፈልገው ማጽናናትና ሌላ መንገድ ነው፤ የሁለተኛው መድኃኒት ደግሞ ንስሓና ያጐደለውን መመለስ ነው። የአንዱን መድኃኒት ለሌላው የሚሰጥ መካሪ ሁለቱንም ይጐዳል። በኢትዮጵያ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት ከመቶ 3.3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ሁሉ ብዙ ተማሪ ፊት ቆሞ «እንደ ትሉ ብትተጉ ኖሮ» ብቻ ማለት ፍርድ ማጣመም ነው። የአንድ ልጅ መውደቅ የልጁ ስንፍና ሊሆን ይችላል፤ ይህን የሚያህል ሕዝብ ሲወድቅ ግን መምህሩም፣ መጽሐፉም፣ ቤቱም አብሮ መመርመር ይገባዋል።

ሦስተኛው «በአንድ ቀን ተማረ» የሚለው ቃል ነው። የስንክሳሩን አተራረክ በመመርመር ረገድ ደካማው አንባቢ የሚሰናከልበት ቦታ ይህ ነው። ጸሐፊው የጸጋን ኃይል ሊያመሰግን ስለ ፈለገ ዘመኑን አሳጠረ፤ ይህም ለስንክሳር ልማድ የተገባ ነው። ነገር ግን በየዕለቱ የሚደክም ሰው ቃሉን እንደ ተስፋ ቃል ወስዶት፣ «እኔም ብጸልይ በአንድ ቀን ይከፈትልኛል» ብሎ ይጠብቃል፤ ሳይሆንለት ሲቀርም ሁለተኛ ይወድቃል። የያሬድን ድጓ ራሱን የሚማር ተማሪ ስንት ዓመት በአኩፋዳ እየለመነ እንደሚኖር ሊቃውንቱ ያውቃሉ። እንግዲህ የያሬድ የአንድ ቀን ጸጋ ለተከታዮቹ የአንድ ቀን ሥራ አልሆነላቸውም፤ የብዙ ዓመት ድካም ሆነላቸው እንጂ። ደግሞም ጸጋው ከመጣለት በኋላ የተሰጠው ሹመት ዲቁና ነው። ልቡናው የተከፈተለት ሰው የጀመረው ከታች ነው። ከመሰናክሉ ማግሥት ወዲያው ከቀድሞው የሚበልጥ ወንበር የሚጠብቅ ሰው ይህን ቢያስተውል ይጠቅመዋል።

ያሬድ የወደቀው በራሱ ድካም ነው፤ ያለ ጥፋቱ ለሚወድቅ ሰው ግን ከኦሪት ዘፍጥረት የዮሴፍ ታሪክ ጋር ማስተያየት ይገባል። ዮሴፍ ሲሸጥ የ17 ዓመት ልጅ ነበረ፤ በፈርዖን ፊት ሲቆም 30 ዓመቱ ነበረ። በመካከሉ ያለው 13 ዓመት ባርነትና ወኅኒ ነው። ከወኅኒ ለመውጣትም የጠጅ አሳላፊዎቹን አለቃ አደራ ብሎት ነበር፤ ሰውየው ግን ረሳው፤ ሁለት ዓመትም አለፈ። መጽሐፉ ዮሴፍን ስለ ምን በሰው ታመንህ ብሎ አይነቅፈውም። ሥራ ያጣ ክርስቲያን ወዳጁን ቢለምን፣ ማመልከቻም ቢጽፍ፣ እምነት ጐደለው አይባልም። ዮሴፍ የመከራውን ምክንያት የተናገረው መቼ ነው? ወንድሞቹ በራብ ዘመን በመጡ ጊዜ ነው፤ ያም ጥጋቡ ሰባት ዓመት ካለፈ፣ ራቡም ሁለት ዓመት ከሆነ በኋላ ነው። ከተሸጠበት ቀን ሲቈጠር ሃያ ሁለት ዓመት ገደማ ይሆናል። በጕድጓዱ ውስጥ ሳለ ምክንያቱን እንዲያውቅ ማንም አልጠየቀውም። በዚያ ጊዜ የተጠየቀው በእጁ ያለውን ሥራ በታማኝነት መሥራት ብቻ ነበር፤ በጲጥፋራ ቤትም በወኅኒም ያደረገው ይህን ነው።

ስለዚህ ትናንት ከሥራው የወጣውን ሰው ዛሬ «እግዚአብሔር ይህን ያደረገው ለዚህ ነው» ብሎ የሚተረጕምለት ወዳጅ ከዮሴፍ ይልቅ ቸኩሏል። የኢዮብ ወዳጆች ኢዮብን ሊያጽናኑ መጥተው ምክንያቱን እናውቃለን ባሉ ጊዜ፣ በመጨረሻ የእግዚአብሔር ተግሣጽ የወረደው በእነርሱ ላይ ነው። ሰባት ቀን ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ዝም ብለው በተቀመጡ ጊዜ ግን አልተነቀፉም።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ሌላ ምሳሌ ይሰጣል። ቅዱስ ጳውሎስና ጓደኞቹ ቃሉን በእስያ እንዳይናገሩ ተከለከሉ፤ ወደ ቢታንያ ሊገቡ ሞከሩ፣ ያም አልተፈቀደላቸውም። ሁለት በር ተዘጋ፤ ምክንያቱ አልተነገረም። በሦስተኛው ጢሮአዳ ደረሱ፤ በሌሊትም የመቄዶንያው ሰው በራእይ ታየ። ራእዩን ያየው ጳውሎስ ነው፤ እግዚአብሔር ጠራን ብለው የተረዱት ግን እርሱና ጓደኞቹ በአንድነት ናቸው። ከዚህም በላይ የሚያስደንቀው የሚከተለው ነው። ጥሪውን ታዝዘው ፊልጵስዩስ ከገቡ በኋላ ጳውሎስና ሲላስ ተገረፉ፣ በወኅኒም ተጣሉ። መንገዱ እውነተኛ ነበር፤ መከራው ግን አልቀረም። ስለዚህ የበር መዘጋት ሁልጊዜ ቍጣ አይደለም፤ የበር መከፈትም ምቾት አይደለም።

አሁን ወደ ያሬድ ታሪክ ኋለኛ ክፍል መመለስ ይገባል። ያሬድ በአክሱም ማኅሌቱን ባሰማ ጊዜ ንጉሡ፣ ንግሥቲቱ፣ ጳጳሱና ካህናቱ ሊሰሙት መጡ። ንጉሥ ገብረ መስቀል በጣዕመ ዜማው ተመስጦ ቆሞ ሳለ የንጉሡ ብረት የያሬድን እግር ወጋው፤ ዜማው እስኪፈጸምም አንዳቸውም አላወቁም። ንጉሡም ደንግጦ ስለ ፈሰሰው ደም የወደደውን ዋጋ እንዲለምን ፈቀደለት። ያሬድ ንጉሡን አስቀድሞ በመሐላ ካሰረው በኋላ የለመነው ወርቅ ወይም ሹመት አልነበረም፤ መንኵሶ እንዲሄድ ስንብት ነበር። ንጉሡ ከመኳንንቱ ጋር አዘነ፤ መሐላውን ግን ፈራ። ያሬድም በታቦተ ጽዮን ፊት ቆሞ ምስጋናውን አድርሶ ወደ ስሜን ሄደ፤ በዚያም በጾምና በጸሎት ገድሉን ፈጸመ።

የታሪኩ ወርቅ ያለው ሁለቱ ክፍሎች በተጋጠሙበት ቦታ ላይ ነው። በመጀመሪያው ያሬድ ወድቆ ሳለ ወደ ወደቀበት ሥራ ተመለሰ። በሁለተኛው ተሳክቶለት ሳለ ከተሳካለት ቦታ ወጣ። መውደቅ የእግዚአብሔር ፈቃድ አለመሆኑን የሚያሳይ ምልክት ቢሆን ኖሮ፣ በመጀመሪያው ባልተመለሰ ነበር። መከናወንም የፈቃዱ ማኅተም ቢሆን ኖሮ፣ በሁለተኛው ባልሄደ ነበር። ብዙ ሰው የሚያስበው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ሲሳካለት «ተጠርቻለሁ»፣ ሲሰናከልበት «አልተጠራሁም» ይላል። ስንክሳሩ ግን የያሬድን ጥሪ በመሳካትና በመሰናከል ሚዛን አይመዝነውም። ትሉን ብቻ የሚናገር መካሪ ይህን ግማሽ ስለሚተው፣ ወንበሩን መልቀቅ የሚገባውን ሰው ሳይቀር እንዳይለቅ ያጸናዋል።

ሁለተኛ፣ ያሬድ ሁለት ጊዜ ሄዷል፤ ሁለቱ አካሄዶች ግን ልዩ ልዩ ናቸው። መጀመሪያ ሲሄድ ከዱላ ሸሸ፤ ማንንም አልተሰናበተም፤ ከኋላውም የተወው ያልተፈጸመ ትምህርት ነው። በኋላ ሲሄድ የሚያሳድደው አልነበረም፤ እንዲያውም እንዲቀር ያዘኑለት ነበሩ፤ ንጉሡን አስፈቅዶ፣ በታቦቱ ፊት ተሰናብቶ ሄደ፤ ከኋላውም የተወው ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ የምትኖርበትን ዜማ ነው። ከሥራ መውጣት ያሰበ ክርስቲያን በእነዚህ በሦስቱ ራሱን ይመርምር። ከምን ይሸሻል? ማን ያውቃል፣ ማንንስ ተሰናብቷል? ከኋላው ምን ይተዋል? በቍጣ ደብዳቤ ወርውሮ የሚወጣ ሰው መጀመሪያ ወደ ዛፉ ሥር እንጂ ወደ ስሜን አልሄደም። ከዛፉ ሥር ግን መመለስ ይቻላልና ተስፋ አይቍረጥ።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። «ያሬድ ቅዱስ ነው፤ ከኤዶም ገነት ሦስት አዕዋፍ መጥተው በሰው አንደበት አነጋግረውታል፣ ከሃያ አራቱ ካህናተ ሰማይም ዜማ ተምሯል። ለተራ የቢሮ ሠራተኛና ለነጋዴ ማን ወፍ ይላክለታል?» የሚል ነው። ተቃውሞው ከባድ ይመስላል፤ ንባቡ ግን ይመልስለታል። አዕዋፉ የመጡት ያሬድ ከተመለሰና ዲያቆን ከሆነ በኋላ ነው፤ የመጡትም ዜማን ሊያስተምሩት ነው። ወደ መምህሩ ልመለስን ወይስ ልቅር ብሎ በጨነቀው ቀን መልአክ አልመጣለትም፤ ያየው ማንም ሊያየው የሚችለውን ትል ነው። ከንጉሡ ፊት ስንብት በለመነ ቀንም ስንክሳሩ ራእይ አየ፣ ድምፅም ሰማ አይልም። እንግዲህ በሕይወቱ ያሉትን ሁለቱን ትላልቅ ውሳኔዎች የወሰነው ማንኛውም ክርስቲያን በሚያገኘው መንገድ ነው፤ ይኸውም በዓይን በታየ ነገር፣ በጸጸት፣ በጸሎት፣ በይቅርታና በስንብት። ምልክት ካላገኘሁ አልንቀሳቀስም የሚል ሰው በያሬድ ታሪክ ድጋፍ አያገኝም።

ስንክሳሩ ነቀፌታ የለበትም ማለት ግን አይደለም። የአባ ጌዴዎን ልብ ምን እንደ ሆነ አይናገርም፤ ተማሪው ሲመለስ መምህሩ ተቀብሎ አቀፈውን ወይስ ተቈጣው? ለሚመለስ ሰው ይህ ትልቅ ጥያቄ ነበር፤ የሚቀበለውን ሰው ምግባርም ያስተምር ነበር። የስሜኑንም ኑሮ በጥቂት ቃል ያልፈዋል፤ ከክብር ወደ ብሕትውና የወረደ ሰው በብቸኝነቱ የሚያገኘውን ፈተና አንባቢ ሊሰማ ይወድ ነበር። የንጉሡም መሐላ ያሳስባል፤ ሰውን አስቀድሞ በመሐላ አስሮ መለመን ለቅዱሱ የተነገረ እንጂ ለሁሉ የተሰጠ ሥርዐት አይደለም። ነገር ግን በጥቂት ዐምድ ይህን ያህል የያዘ ጽሑፍ ጥቂት ነው። ትሉ ከእኩሌታው ሲወድቅ የሚያሳየው አንድ ሥዕል ብዙ ስብከት ያላደረገውን አድርጓል፤ ደም እየፈሰሰ ዜማው አለመቋረጡም እንዲሁ ነው። በቃል የተጨመረው የሰባት ቍጥር ለሕፃናት ይጠቅማል፤ ለታላላቆች ግን ባይጨመር ይሻል ነበር። ቍጥር ያለው ትጋት «ሰባተኛውን ሞከርሁ፣ አልሆነም» ለሚል ሰው ተስፋ መቍረጫ ይሆንበታልና። ስንክሳሩ ቍጥሩን መተዉ ማስተዋል ነው።

እንግዲህ ሥራው የተሰናከለበት ሰው ወደ ንስሓ አባቱ ሲመጣ፣ አባቱ ፈጥኖ ትሉን አይጥቀስለት። አስቀድሞ ይስማው፤ የሆነው ድካም ነውን ጥፋት ነውን፣ ወይስ እንደ ዮሴፍ የሌላ ሰው በደል ነው ብሎ ይለይለት። ጥፋት ከሆነ ወደ በደለው ሰው ይመልሰው። ድካም ከሆነ በዚያ ዛፍ ላይ ለእርሱ የሚሆን ፍሬ እንዳለ ሥራውን ከሚያውቁ ሰዎች ጋር ይመርምርለት። በደል ከሆነ የሕግ መንገዱን አይከልክለው፤ ዮሴፍም ለአሳላፊው አለቃ ያለ በደል እንደ ታሰረ ተናግሯልና። ምክንያቱ ካልታወቀም ዝም ብሎ ከእርሱ ጋር መቀመጥን አይፈር፤ በዚያም ጊዜ በእጁ ያለውን ትንሽ ሥራ እንዳይተው፣ ቤተ ሰቡንም እንዳይሸሽ ያጽናው። ከዚህ በኋላ ግንቦት 11 ቀን ስንክሳሩ ሲነበብ አብረው ይስሙት፤ አንባቢውም ከዛፉ ሥር ሳያቆም እስከ ስሜን ድረስ ያንብብላቸው።